ግድግዳ የማይችለው እሳት

1969 ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ጨረቃን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን የጨረቃን አፈር በረገጡበት በዚያው ዓመት ግን ዓለም በቴሌቪዥን ያልተከታተላቸው ሌሎች ሁለት ሥራዎች ተሠርተው ነበር። አንደኛው ሞስኮ፣ ሁለተኛው የአሜሪካዋ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ። የሰው ልጅ ከምድር ርቆ መጓዝ ይችል እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከጨረቃው ጉዞ ይልቅ እነዚህን ሁለቱን ቢያጠና ይበጀዋል እላለሁ። አንዱ ሥር ሰድዶ እስከ ዛሬ እያደገ ነው፤ ሌላው ፍሬ አፍርቶ ሳለ ከግንዱ ተቆርጧል።

የሞስኮው ታሪክ የሚጀምረው ካለመተማመን ነው። በ1968 ኖቮሲቢርስክ ላይ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የሶቪየት ሳይንቲስቶች ቲ-3 በተሰኘው ማሽናቸው ውስጥ ፕላዝማን ወደ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ማድረሳቸውን አሳወቁ። ፕላዝማ ማለት ከሙቀቱ ብዛት የተነሳ አቶሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን የጣሉ ጋዝ ነው። ምዕራባውያኑ ተጠራጠሩ። ቁጥሩ እነርሱ በራሳቸው ማሽኖች ካገኙት እጅግ ይበልጥ ስለነበር ልኬቱ ላይ ስህተት ይኖራል አሉ። የሶቪየቱ ቡድን መሪ ሌቭ አርቲሲሞቪች ክርክሩን ትተው እንግሊዛውያኑን ራሳቸው መጥተው እንዲለኩ ጋበዟቸው።

ዘመኑን ማሰብ ያሻል። የሶቪየት ታንኮች ፕራግ ከገቡ ገና ወራት ነበር፤ ሁለቱ ጎራዎች የኑክሌር ሚሳይል ደግነው ይተያያሉ። በዚህ መሀል ከኦክስፎርድ አቅራቢያ ካለው የካልሃም ቤተ ሙከራ የተነሱ ሳይንቲስቶች 5 ቶን ያህል የሚመዝን መሣሪያ አስጭነው ሞስኮ፣ ኩርቻቶቭ ተቋም ገቡ። የሌዘር ጨረር ወደ ፕላዝማው ይለቃሉ። ብርሃኑ ከኤሌክትሮኖቹ ጋር ተላግቶ ሲበተን ቀለሙ ይሰፋል፤ ኤሌክትሮኖቹ በፈጠኑ ቁጥር፣ ማለትም በሞቁ ቁጥር፣ ስፋቱ ይጨምራል። ስፋቱን የለካ ሙቀቱን አወቀ ማለት ነው። ለኩት፤ ሩሲያውያኑ እውነታቸውን ነበር። ውጤቱ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። የአሜሪካው የፕሪንስተን ቤተ ሙከራም ብዙም ሳይቆይ ዋና ማሽኑን ወደ ሩሲያውያኑ ንድፍ ለወጠው። ቶካማክ የሚባለው ይህ ንድፍ እስከ ዛሬ የመስኩ አውራ ሆኖ ቆይቷል።

ለምን ይህን ያህል ዋጋ ተሰጠው? ነገሩ የመያዣ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ፊውዥን ማለት የቀላል አቶሞችን አስኳል አዋህዶ ጉልበት ማውጣት ነው፤ ፀሐይ የምትነደው በዚህ መንገድ ነው። የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ግድም ይሞቃል። እዚህ ምድር ላይ ግን የፀሐይን ያህል ጨምቆ የሚይዝ ክብደት ስለሌለን በሙቀት ማካካስ ግድ ይሆናል፤ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ያስፈልጋል። ከብረታ ብረት ሁሉ ሙቀት በመቻል የሚታወቀው ተንግስተን 3,400 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ስለዚህ እሳቱን ምንም ነገር ሳይነካው አየር ላይ አንጠልጥሎ መያዝ የግድ ነው። አንድሬ ሳካሮቭና ኢጎር ታም በ1950ዎቹ መባቻ ያመጡት ሐሳብ ይኸው ነው። የፕላዝማው ቅንጣቶች የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ለመግነጢሳዊ መስክ ይታዘዛሉ፤ መስኩን ቀለበት አድርገህ ከጠመጠምከው እሳቱ ግድግዳ ሳይነካ ይዞራል።

የኔቫዳው ታሪክ የሌላ ዓይነት እሳት ታሪክ ነው። ጃካስ ፍላትስ በሚባል ሜዳ ላይ አሜሪካኖች ኔርቫ የተሰኘ የኑክሌር ሮኬት ሞተር አቁመው ይሞክሩ ነበር። አሠራሩ ለመናገር ቀላል ነው። በፊሽን፣ ማለትም የዩራኒየም አስኳል በመክፈል የሚሠራ ማብላያ አለ፤ በማብላያው ቀዳዳዎች ውስጥ ቀዝቃዛ ሃይድሮጂን ይነዳል፤ ሃይድሮጂኑ ግሎ በአፈሙዙ ይወነጨፋል። የሚቃጠል ነገር የለም፤ ኦክስጅንም አያስፈልግም። በ1969 የተሞከረው ሞተር 28 ጊዜ ተነስቶ በድምሩ ወደ 2 ሰዓት የሚጠጋ ሠራ። ከአንድ ኪሎ ነዳጅ የሚያገኘው ግፊት ከምርጥ የኬሚካል ሮኬቶች እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነበር። በ1973 መጀመሪያ ፕሮግራሙ ታጠፈ። ወደ ማርስ ሰው የመላኩ እቅድ ተሰርዞ ሞተሩ የሚሄድበት አገር አጥቶ ነበርና። በጊዜው ገንዘብ 1.4 ቢሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ሥራ ውሃ በላው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያነሳው የሚገባ ጥያቄ አለ። አንድ ኪሎ ዩራኒየም ከአንድ ኪሎ የኬሚካል ነዳጅ በሚሊዮኖች እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ይዞ ሳለ፣ የኑክሌር ሮኬት ለምን እጥፍ ብቻ ይሻላል? ሚሊዮኑ የት ገባ?

መልሱ ግድግዳው ላይ ነው። የሮኬት ሒሳብ የሚቆመው ጋዙ ከአፈሙዙ በሚወጣበት ፍጥነት ላይ ነው። ይህን ሩሲያዊው የሒሳብ መምህር ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ በ1903 ባሳተመው ጽሑፍ አስልቶ አሳይቷል። መንኮራኩሩ እንዲደርስበት የምትፈልገው ፍጥነት ከጋዙ ፍጥነት ጋር እኩል ከሆነ፣ ሲነሳ የሚኖረው ክብደት ነዳጁን ከጨረሰ በኋላ ከሚቀረው 2.7 እጥፍ መሆን አለበት። ፍጥነቱን እጥፍ ካደረግከው 7.4 እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ካደረግከው 20 እጥፍ፣ አራት እጥፍ ካደረግከው 55 እጥፍ ይሆናል። ነዳጅ የሚሸከም ነዳጅ፣ እርሱን የሚሸከም ሌላ ነዳጅ እያለ ይቀጥላል። አፖሎን ያስወነጨፈው ሳተርን 5 ሲነሳ 2,900 ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ ሦስቱን ሰዎች ይዞ ውቅያኖስ ላይ ያረፈው ክፍል 5.5 ቶን ግድም ነው። ሃይድሮጂንና ኦክስጅን አቃጥሎ ጋዙን በሰከንድ ከ4.5 ኪሎ ሜትር ብዙም አስበልጦ ማስወጣት አይቻልም፤ ኬሚስትሪ ከዚያ በላይ የምትሰጠው ነገር የላትም። ኑክሌር ይህን ወሰን ይሰብራል፤ ነገር ግን ሙቀቱን ከዩራኒየሙ ወደ ሃይድሮጂኑ የሚያሻግረው ጠጣር ነገር ስለሆነ፣ ያ ነገር ከሚቀልጥበት ሙቀት በላይ መሄድ አይቻልም። ጉልበቱ ሞልቷል፤ የሚችለው ዕቃ ጠፋ። ሚሊዮኑ የቀረው እዚያ ነው።

ስለዚህ የፊውዥን ምርምርና የህዋ ሞተር ምርምር ከውጭ ሲታዩ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ የሚላተሙት ከአንድ ግድግዳ ጋር ነው። ሁለቱም የሚሹት ቁስ አካል የማይችለውን እሳት ቁስ አካል ሳይነካው መያዝንና መምራትን ነው። የፊውዥን ሮኬት ተስፋ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። በመግነጢሳዊ መስክ የተያዘ ፕላዝማ የሚወጣበት በር ቢከፈትለት፣ ፍጥነቱ በሰከንድ በኪሎ ሜትሮች መቆጠሩ ቀርቶ በመቶዎችና በሺዎች ኪሎ ሜትሮች ይሆናል።

ወደዚያ የሚወስድ አንድ እርምጃ በእርግጥ ተረግጧል። ዶውን የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በ2007 ተነስታ በ2011 ቬስታ፣ በ2015 ደግሞ ሴሬስ ዙሪያ ገብታለች፤ ከምድርና ከጨረቃ ውጪ ሁለት የሰማይ አካላትን ተራ በተራ የዞረች የመጀመሪያዋ ናት። ሞተሮቿ የዜኖን ጋዝ አቶሞችን በኤሌክትሪክ እየገፉ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ያስወነጭፉ ነበር። ግፊቱ ቢበዛ 91 ሚሊኒውተን ነበር፤ 9 ግራም የሚመዝን ነገር መዳፍ ላይ ሲያርፍ እንደሚሰማው ያለ። ይሁንና ያ ግፊት ለዓመታት ሳያሰልስ ሠርቶ የመንኮራኩሯን ፍጥነት በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ቀይሮታል፤ የተጫነው ዜኖን 425 ኪሎ ብቻ ነበር። ጉድለቷ ጉልበቷን ከፀሐይ ሰሌዳ መቃረሟ ነበር። ከፀሐይ በራቀች ቁጥር ኃይሏ ይመነምን ነበር፤ ሰው የጫነ ከባድ መርከብ ለመግፋት ደግሞ ገና ከጅምሩ አቅም ያንሳት ነበር።

ፊውዥንስ የት ደረሰ? ዲሴምበር 2022፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ቤተ ሙከራ 192 የሌዘር ጨረሮች አንድ ሴንቲ ሜትር በምታህል የወርቅ ቱቦ ውስጥ ገቡ። ቱቦዋ መሀል ዲያሜትሯ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ የአልማዝ እንክብል ተቀምጣለች፤ የእንክብሏ ውስጠኛ ግድግዳ በበረዶ መልክ በረጋ ዲዩተሪየምና ትሪቲየም ተለብጧል። ሁለቱም የሃይድሮጂን ዓይነቶች ናቸው። የቱቦው ግድግዳ በሌዘሩ ሲመታ ኤክስሬይ ይረጫል፣ የእንክብሏ ሽፋን ወደ ውጭ ይፈነዳል፣ ነዳጁ ወደ ውስጥ ይጨመቃል፣ ይነዳል። ሌዘሩ 2.05 ሜጋጁል ሰጠ፤ 3.15 ሜጋጁል ተመለሰ። ፊውዥን ሌዘሩ ከሰጠው በላይ ሲመልስ በቤተ ሙከራ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። ኤፕሪል 2025 ላይ ደግሞ ከተመሳሳይ ሌዘር 8.6 ሜጋጁል ተገኝቷል።

ይህን ዜና በልኩ መያዝ ይገባል። 3.15 ሜጋጁል አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለ15 ደቂቃ ያህል የሚያሠራ ጉልበት ነው። ሌዘሮቹን ለማዘጋጀት ከመስመር የተሳበው ኤሌክትሪክ ደግሞ 300 ሜጋጁል ግድም ነበር። የኃይል ጣቢያ ለመሆን ተኩሱ በየሰከንዱ አሥር ጊዜ ያህል መደጋገም ይኖርበታል፤ እዚያ ግን ከአንዱ ትልቅ ተኩስ እስከ ቀጣዩ ዝግጅቱ ብቻ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ቢሆንም የተገኘውን ነገር አሳንሶ ማየት አይገባም። ከዚያ ቀን በፊት በቤተ ሙከራ የሚነድ ፊውዥን ትርፍ ይሰጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ነበር። አሁን ጥያቄው እንዴት ይደጋገም፣ እንዴት ይርከስ የሚለው ነው። በመግነጢስ መንገድ የሚሄዱትም አልተኙም። የካልሃሙ ጄት ቶካማክ ሊዘጋ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ2023፣ 0.2 ሚሊ ግራም በሚመዝን ነዳጅ 69 ሜጋጁል አውጥቷል። የፈረንሳዩ ዌስት ቶካማክ በፌብሩዋሪ 2025 ፕላዝማን ለ1,337 ሰከንድ ያዘ፤ ቲ-3 የሚይዘው ከሰከንድ ለማይሞላ ጊዜ ነበር።

ትልቁ ውርርድ ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ የሚገነባው ኢተር ነው። ሐሳቡ በ1985 የአሜሪካው ሬጋንና የሶቪየቱ ጎርባቾቭ ጄኔቭ ላይ ሲገናኙ ከተነሱት ጉዳዮች አንዱ ነበር። ስምምነቱ በ2006 ተፈረመ፤ የአውሮፓ ኅብረት፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ሩሲያና አሜሪካ አባላት ናቸው። ዘግይቷል፤ አሁን ባለው መርሐ ግብር የምርምር ሥራው በ2034፣ በዲዩተሪየምና በትሪቲየም የሚሠራው ሙከራ በ2039 ይጀመራል። መዘግየቱን እየጠቀሱ የሚያጣጥሉት ብዙዎች ናቸው። እኔ የምመለከተው ሌላ ነገር ነው። የዩክሬን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ፣ በዚያ ሁሉ ማዕቀብ መሀል፣ ሩሲያ የሠራችው ግዙፍ የማግኔት ጥቅል ከሴንት ፒተርስበርግ ተጭኖ በ2023 መጀመሪያ ግንባታው ቦታ ደርሷል። አርቲሲሞቪች የከፈቱት በር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም አልተዘጋም። ይህ መስክ በአንድ መንግሥት በጀት ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ቢሆን ኖሮ የኔርቫ ዕጣ በደረሰው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ይህን እሳት መንኮራኩር ላይ መጫን ይቻላል? በአንድ በኩል ህዋ ከምድር ይቀላል። እዚያ ኤሌክትሪክን ከውሃ ግድብና ከፀሐይ ሰሌዳ ባነሰ ዋጋ መሸጥ አይጠበቅም፤ ፕላዝማው ወጥቶ ከገፋ በቃ። ፕላዝማው የሚፈልገው ባዶ ቦታም ራሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በሌላ በኩል ሦስት እሾሆች አሉ።

ክብደት የመጀመሪያው ነው። የኢተር ማሽን 23,000 ቶን ይመዝናል። ይህን ያቀልል ይሆናል የሚባለው አዲሱ ማግኔት ነው። ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ2021 የሞከረው ማግኔት መስኩ 20 ቴስላ ደርሷል፤ መስኩ በበረታ ቁጥር ማሽኑ ሊያንስ ይችላል።

ሁለተኛው ኒውትሮን ነው። ዲዩተሪየምና ትሪቲየም ሲዋሃዱ ከሚወጣው ጉልበት 80 በመቶውን ይዞ የሚበርረው ኒውትሮን ነው፤ ኒውትሮን ደግሞ ሙል ስለሌለው ለመግነጢስ አይታዘዝም። ምድር ላይ ይህ ችግር አይደለም፤ ዙሪያውን በወፍራም ብርድ ልብስ መሰል ሽፋን አስቁመኸው በሙቀቱ ውሃ ታፈላለህ። መንኮራኩር ላይ ግን ግፊት አይሰጥም፤ ይልቁን ዕቃውን ይጎዳል፣ ሰዎቹን በጨረር ይመታል። ለዚህ ነው የሮኬት ንድፍ የሚያወጡት ሰዎች ዓይናቸው ሂሊየም-3 ላይ የሚያርፈው። ከዲዩተሪየም ጋር ሲዋሃድ ከሚወጣው ጉልበት አብዛኛው ሙል ባላቸው ቅንጣቶች ላይ ነው። ነገር ግን ከዲዩተሪየምና ትሪቲየሙ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ ምድር ላይም እንደ ልብ አይገኝም።

ሦስተኛው እሾህ ጎልቶ ሲወራ አይሰማም፤ ለእኔ ግን የሁሉም ክፉው ነው። ህዋ ውስጥ ሙቀት የሚወስድ አየር ወይም ውሃ የለም፤ ሙቀት የሚወጣው በጨረር ብቻ ነው። 1,000 ሜጋ ዋት ትርፍ ሙቀት ለመጣል 700 ዲግሪ ግድም የጋለ፣ በሁለቱም ገጹ የሚያበራ ወደ 10,000 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ያውም ምንም ብክነት የሌለው ፍጹም ሰሌዳ ከሆነ። የፊውዥን መርከብ ሥዕሎችን ስታዩ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይህን ሰሌዳ ይሁን። የሌለበት ሥዕል ከሆነ የሣለው ሰው ሒሳቡን አልሠራም።

እነዚህን ሁሉ ደፍሮ ያሰላ ሥራ አለ። የብሪታንያ ኢንተርፕላኔታሪ ማኅበር አባላት ከ1973 እስከ 1978 ዴዳለስ የተባለ መንኮራኩር ነደፉ። 6 የብርሃን ዓመት ግድም ወደሚርቀው የባርናርድ ኮከብ በ50 ዓመት እንዲደርስ፣ የብርሃንን ፍጥነት 12 በመቶ እንዲነካ ታስቦ ነበር። 54,000 ቶን ይመዝናል፤ 50,000ው ነዳጅ ነው። የዲዩተሪየምና የሂሊየም-3 እንክብሎች በሰከንድ 250 ጊዜ ይፈነዳሉ። ሂሊየሙ ከጁፒተር ከባቢ አየር ይቀዳል። ሲደርስም የሚቆምበት ነዳጅ ስለሌለው ኮከቡን ጥሎት ያልፋል። ሊቨርሞር የምትፈነዳው እንክብል የዚህ ሐሳብ ዘመድ ናት፤ በአንዷ ብልጭታና በሰከንድ 250 መካከል ያለውን ርቀት ያየ ሰው ከዋክብት ጋ መቼ እንደምንደርስ ቀን ሊቆርጥ አይደፍርም። ዛሬ ያለን ሩቅ ተጓዥ ቮየጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ይበርራል፤ ወደ ቅርቡ ኮከብ ቢያመራ 75,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

እስካሁን በፊውዥን የተገፋ አንድም መንኮራኩር የለም። ንድፍ ይዘው የሚወጡ ኩባንያዎች ግን በየጊዜው እየበዙ ነው፤ ቀን ሲቆርጡም አይሰንፉም። እኔ ይህን ሩጫ የምቃወመው ሕልሙ ስለማይጥመኝ አይደለም። በእጃችን ያለውን እንዳንጠቀም ስለሚያዘናጋን ነው። ማርስ ለመድረስ ፊውዥን አያስፈልግም። ኪውሪዮሲቲ የተባለው የናሳ ተሽከርካሪ በ2011 እና በ2012 ወደ ማርስ ሲጓዝ የለካው ጨረር በቀን 1.8 ሚሊሲቨርት ግድም ነበር፤ ምድር ላይ አንድ ሰው በአማካይ በዓመት ከተፈጥሮ የሚያገኘው 2.4 ነው። መንገድ ላይ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር አካል ላይ ዕዳ ነው። ጉዞውን ማሳጠር የሚችለው ሞተር ከ1969 ጀምሮ ይታወቃል። በ2023 ናሳና የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ዳርፓ ድራኮ በሚል ስም እንደገና ጀመሩት፤ በ2027 ህዋ ላይ ሊሞክሩት ነበር። በ2025 ተሰረዘ። ከምክንያቶቹ አንዱ ከምድር የማስወንጨፍ ዋጋ ስለወረደ ጥቅሙ ቀንሷል የሚል ነው። ለመከላከያ ሥራ ይህ ሒሳብ ያስኬድ ይሆናል። ማርስ ለሚሄድ ሰው ግን ርካሽ ነዳጅ ቀኑን አያሳጥርለትም። አንድን የሚሠራ ነገር ሁለት ጊዜ መጣል፣ በሁለቱ መካከል የሠሩት እጆች ማርጀታቸውና መሞታቸው፣ ከማንኛውም የፊዚክስ እንቅፋት የከፋ ጉዳት ነው።

ለምድሩ ፊውዥን ያለኝ ስሜት ሌላ ነው። 600 ሚሊዮን ግድም አፍሪካውያን ያለ ኤሌክትሪክ ያመሻሉ፤ የዲዩተሪየሙ ምንጭ ደግሞ ማንም አጥር ሊያጥርለት የማይችለው የባሕር ውሃ ነው። ከኢተር ሰባት አባላት መካከል ግን አንድም አፍሪካዊ የለም። ማሽኑ ውድ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች እኛ ዘንድ እንደማይተከሉ ግልጽ ነው። የፕላዝማ ፊዚክስ በዩኒቨርሲቲዎቻችን እንዲሰጥ፣ ተማሪዎቻችን እነዚያ ማሽኖች ፊት እንዲቀመጡ ማድረግ ግን ዛሬ የሚቻል ነው፤ ሁልጊዜ ተመልካች ሆነን እንድንቀር የሚያስገድደን ሕግ የለም።

በሚቀጥሉት ዓመታት የሚጠበቁ ሁለት ነገሮች አሉ። ኮመንዌልዝ ፊውዥን ማሳቹሴትስ ውስጥ የሚገነባው ስፓርክ የተባለ ቶካማክ በ2027 ከገባበት የበለጠ ጉልበት ያወጣል ብሏል። ናሳ ደግሞ ቢያንስ 100 ኪሎ ዋት የሚሰጥ የፊሽን ማብላያ በ2030 ለጨረቃ እንዲዘጋጅ በ2025 ወስኗል። አሜሪካ እስከ ዛሬ ህዋ ላይ ያበራችው ማብላያ አንድ ነው፤ ስናፕ-10ኤ ይባላል፣ በ1965 ለ43 ቀን ሠርቶ ቆመ። ስፓርክ ከተሳካ ጋዜጦች ሁሉ የፊት ገጻቸውን እንደሚሰጡት አልጠራጠርም። እኔ አጥብቄ የምከታተለው ግን የጨረቃውን ማብላያ በጀት ነው፤ ዶውንን የመሰለ ሞተር ከፀሐይ ጥገኝነት የሚያወጣው እንዲህ ያለ ማብላያ ስለሆነ፣ የህዋ ኑክሌር ሥራ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳይታጠፍ።